ማንም ፎቶ የማያነሳው ቱቦ

ቲክቶክ ላይ ሳታዩዋቸው አትቀሩም። የኋላ በሩ የተከፈተ መኪና፣ ውስጡ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ ከአልጋው ማዶ ተራራ፣ ስኒ በሁለት እጇ ያቀፈች ልጅ። ከሥሩ ቀስ ያለ ጊታር። "ሥራዬን ለቀቅኩ፣ ቤቴን ጎማ ላይ ጫንኩት" ምናምን የሚል ጽሑፍ። እኔም እንደናንተው አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ደጋግሜ። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ ከእማዬ ጋር ላስ ቬጋስ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ልንጠይቅ ሄደን "አንድ ሳምንት ሥራ አልገባም፤ አርቪ ተከራይቼ ላዞራችሁ ነው" ሲለን፣ ከልጆቹም ቀድሜ የጨፈርኩት እኔ ነኝ።

ጉዞው ጥሩ ነበር። ይሄን ቀድሜ ልናገር፣ በኋላ የማማርር እንዳይመስላችሁ። ችግሩ እኔ የለጠፍኩት ፎቶ ነው። ፎቶው ውሸት ነበር። ውሸቱ ደግሞ ስልክ ላይ አልቀረም፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሰው ገንዘብ አስወጣ። እዚያ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ መኪናውን ላስተዋውቃችሁ።

አርቪ የሚሉት አሜሪካኖቹ ናቸው፤ ሞተርሆምም ይባላል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚያክል አለ፣ ከሚኒባስ የማይበልጥም አለ። የእኛ መካከለኛው ነው፦ ከሹፌሩ አናት በላይ አልጋ የተሸከመ፣ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር የሚጠጋ። ወረቀቱ "ስድስት ሰው ያስተኛል" ይላል። እኛም ስድስት ነበርን፦ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃቸው፣ የ8 ዓመቱ ወንድ፣ እማዬና እኔ። ማስተኛቱን ያስተኛል። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ቆሞ መተላለፍ ይችላል ግን አይልም።

ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው። በቀን 12 ሰዓት መሪ ይጨብጣል። እንዲህ ያለውን መኪና ለመንዳት ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል መባሉን ሲሰማ "ይሄማ ለእኔ ቁርስ ነው" አለ። አከራዮቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ቁልፎቹና ስለ ቱቦዎቹ ሲያስረዱት ራሱን እየነቀነቀ "አዎ፣ አዎ" ይላል። የታክሲ ሹፌር አይነገረውም።

ከግቢው ወጥተን የመጀመሪያዋን መታጠፊያ ስንዞር የፍሪጁ በር ተከፈተና የእማዬ የዶሮ ወጥ ድስት ወለሉ ላይ ወረደ።

በቃ፣ እሱ ነው መግቢያችን። ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፅ በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል። ሳህኑ፣ ሹካው፣ የቁም ሳጥኑ በር፣ የሻወሩ መጋረጃ ዘንግ፣ ሁሉም ይናገራል። ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ ሲጥል ውስጡ የተቀመጠ ሰው የሚሰማውን አስቡት፤ ያ ድምፅ ለ260 ኪሎ ሜትር። ከላስ ቬጋስ ዛዮን ፓርክ ድረስ ማለት ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ለምን ሁልጊዜ ጊታር እንደሚገባ ያኔ ገባኝ።

ማታ ላይ ካምፕ ማድረጊያው ደረስን። ቀያይ ገደሎች በሁለቱም በኩል፣ ፀሐይዋ ጫፋቸው ላይ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። ከዚያ ወንድሜ በሁለት አርቪዎች መሃል ወደ ኋላ መግባት ነበረበት። በስፖኪዮ የሚታየው የጎረቤት መኪና ብቻ ነው። ሚስቱ በእንግሊዝኛ ትጮኻለች፣ እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ፣ እሱ ሁለታችንንም አይሰማም። መጨረሻ ላይ የስምንት ዓመቱን ልጅ ጠርቼ የአገራችን ረዳት እንዴት እንደሚሠራ አስተማርኩት። ከኋላ ትቆማለህ፣ እጅህን ከፍ ታደርጋለህ፣ "ና! ና! ቁረጥ! ቁረጥ! መልስ! በቃ!" ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም ነበር። በሦስተኛው ሙከራ መኪናው ገባ። ከዚያ ጎማው ሥር ታኮ አስገባ፤ ቃሏንም ያዛት። "ታኮ! ታኮ!" እያለ ዋለ።

ፎቶውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ወንድሜ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ክንዱ በሩ ላይ፣ ከኋላው ቀዩ ተራራ። "ወንድሜ ቤቱን ይዞ ይዞራል" ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላይኩ ጎረፈ። ከጎረፈው ላይክ ውስጥ የአጎታችንም ነበረበት፤ አላስተዋልኩም።

አሁን ፎቶው ውስጥ ያልገባውን ልንገራችሁ።

አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ የሻወርና የዕቃ እጣቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሽንት ቤቱ። የእኛው የንጹህ ውሃ ታንከር 150 ሊትር ገደማ ይይዛል። እናንተ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ከሆነ ይሄ ቁጥር ወዲያው ይገባችኋል፦ አንድ በርሜል አይሞላም። ለስድስት ሰው። የማሞቂያው ደግሞ 23 ሊትር አካባቢ ነው፣ አንዲት ጀሪካን። ያቺ ጀሪካን ካለቀች የሚወርደው በጥቅምት የሚቀዘቅዝ ውሃ ነው።

የወንድሜ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ማታ እንደ ቤቷ ሙዚቃ ከፍታ ሻወር ገባች። እዚያው ላስ ቬጋስ የተወለደች ልጅ ናት፤ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ እንዳልመጣ አይታ አታውቅም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጩኸት ሰማን። ሻምፖው ፀጉሯ ላይ ነው፣ ውሃው ቀዝቅዟል፣ የእጣቢው ታንከር ሞልቶ ውሃው በእግሯ በኩል ተመልሶ እየመጣ ነው። እናቷ ደነገጠች፣ አባቷ መመሪያውን ማገላበጥ ጀመረ። እማዬ ግን ተነሳች። ማሰሮ ውሃ ምድጃ ላይ ጣደች፣ ሳፋ አወጣች፣ ኩባያ ያዘች፣ "ነይ ልጄ፣ አጎንብሺ" አለቻት። በሁለት ኩባያ ታጥባ ወጣች።

ከዚያች ማታ ጀምሮ የውሃ ሚኒስትራችን እማዬ ናት። ማን በስንት ኩባያ እንደሚታጠብ፣ ሳህን በምን ቅደም ተከተል እንደሚለቀለቅ፣ የአትክልት እጣቢ የት እንደሚፈስ፣ ሁሉን እሷ ትደለድላለች። እኔ የገረመኝ ይሄ ነው። ሰው ይሄን "ነፃነት" ብሎ በዶላር ይከራየዋል፤ እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በነፃ እንኖረዋለን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለአርቪ ሕይወት ተዘጋጅቶ የተወለደ ነው ብል አላጋነንኩም። መብራቱም እንደዚያው ነው። ካምፕ ውስጥ ገመድ ይሰካል፣ ግን አቅሙ ውስን ነው። ማሞቂያውና ማይክሮዌቩ በአንድ ጊዜ ሲበሩ ቆጣሪ ይጥላል። ድርግም ሲል እማዬ "መብራት ሄደ!" አለች። ልጆቹ ወዴት እንደሄደ ጠየቁ። ሲመለስ እሷና እኔ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብለን ስንጮኽ አበዱ መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን እነሱም ይጮኹ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነው ዋሻው። ዛዮን ፓርክ ውስጥ በ1930 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ 1.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። ለዚያ ዘመን ትንንሽ መኪኖች ተብሎ ነው የተሠራው። ጣሪያው ቅስት ስለሆነ የእኛን የሚያክል ቁመትና ወርድ ያለው መኪና በራሱ መስመር ሊያልፍበት አይችልም፤ መሃል መሃሉን መሄድ አለበት። እኛ ባለፍንበት ጊዜ አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ 15 ዶላር ይከፈላል፣ የፓርኩ ሠራተኞች ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያቆማሉ፣ አንተ መሃል አስፋልቱን ይዘህ ትገባለህ። ወንድሜ መሪውን የያዘበት እጁ ነጭ ሆኗል። "ለእኔ ቁርስ ነው" ያለው ሰውዬ አንዲት ቃል አልወጣውም። እማዬ ከኋላ "በስመአብ" ብላ የጀመረችውን ጸሎት የጨረሰችው ወዲያኛው ብርሃን ላይ ነው። ልጁ ብቻ፣ ድንጋዩን ቆርጠው ባወጧቸው መስኮቶች በኩል ገደሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ያጨበጭባል።

ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ብራይስ ካንየን ይደርሳል። የካንየኑ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ነው። በአጭሩ የአዲስ አበባ ከፍታ። እማዬ ከመኪናው ወርዳ አየሩን ሳብ አድርጋ "ይሄ የእኛ አገር ብርድ ነው" ስትል እኔም ተሰምቶኛል፤ የጥቅምት ጠዋት ሽታ አለው። ማታ ግን ከእኛ አገር ብርድ አለፈ። ሌሊት ከዜሮ በታች ወረደ። ከካምፑ ቧንቧ ወደ መኪናው የዘረጋነው የውሃ ጎማ ውጭ እንዳደረ ደርቆ እንደ ብረት ቆመ። ጠዋት ውሃ የለም። ለሻይ የሚሆን ያገኘነው እማዬ "ለክፉ ቀን" ብላ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ አልጋዋ ሥር ከደበቀቻቸው ነው።

ያን ቀን ጠዋት ነው ቱቦው።

የሽንት ቤቱ ታንከር ሲሞላ በወፍራም ቱቦ ወደ ካምፑ ጉድጓድ ይገለበጣል። ወንድሜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ቱቦውን በሰካበት ሁሉ፣ የታንከሩን በር ክፍት ትቶት ነበር። ይፍሰስ፣ ራሱን ያጽዳ ብሎ። ለካ እንደዚያ አይደረግም። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ቀድሞ ይሄድና ሌላው ታች ይቀራል። (ሌላው ምን እንደሆነ አታስጽፉኝ።) በሩ ተዘግቶ መቆየት፣ ታንከሩ በደንብ መሙላት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ መለቀቅ አለበት። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ፣ ቀጥሎ የሳሙናው እጣቢ፣ ቱቦውን እንዲያጥብ። ይሄን ሁሉ የነገሩን ከጎናችን የቆሙ ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው የራሳቸውን ጓንት አምጥተው፣ ተንበርክከው፣ የማያውቁትን የሐበሻ ታክሲ ነጂ ፍሳሽ አብረው አወረዱ። ደግነት ማለት እንደዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ እማዬ ቡና አፈላችላቸው። ውስጥ ለመቁላት ሞክራ የጭስ ማስጠንቀቂያው ካምፑን በሙሉ ስላስነሳ ውጭ ነው የተፈላው። ሰውዬው ሦስተኛዋን ድረስ ጠጡ።

እንግዲህ ወንድሜ ጓንት አጥልቆ ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ተንበርክኮ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አዲስ አበባ አመሻሽ ላይ ነው። አጎታችን። ወንድሜ በክርኑ አስነካና ድምፁን ከፍ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ሁላችንም ሰማን።

"ቤት ከነመኪናው ገዛህ አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ ልጄ" አለ አጎቴ። ከዚያ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ልጁ፣ የአክስታችን ሳይሆን የራሱ ልጅ፣ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው። ባጃጅ ተገኝቷል። ዋጋው ደህና ነው። "ፎቶህን ሳሳየው ሞራሉ ተነሳ፤ ከጓደኛው ተበድሮ ቀብድ ሰጥቷል፤ ቀሪውን አንተ አታጣም ብዬ ነው።"

ወንድሜ ቱቦውን እንደያዘ "እሺ ጋሼ፣ አያለሁ" አለ።

ለምን "ተከራይቼ ነው" እንዳላለ እስከዛሬ አስባለሁ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ" ሲል የኖረ ሰው በአንድ ስልክ "ለአንድ ሳምንት ነው፣ ለእሱም ስምንት ወር አጠራቅሜ" ማለት አይችልም። ሒሳቡን እኮ እኔም ያወቅኩት በኋላ ነው። የቀን ኪራዩ ብቻ አይደለም። ከተወሰነ ርቀት ያለፈ ማይል ሁሉ ይቆጠራል፣ ጀነሬተሩ በሰዓት ይቆጠራል፣ ኢንሹራንስ አለ፣ መያዣ አለ፣ ለእያንዳንዱ አዳር የካምፕ ቦታ ይከፈላል። ነዳጁ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ሊትር ይጠጣል፤ እኛ በአጠቃላይ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድን። ሲደመር 3 ሺህ ዶላር አካባቢ ወጣ፤ ያልነዳበት ሳምንት ገቢ ሳይታሰብ። በተራ መኪና ሄደን ርካሽ ሆቴል ብናድር ይቀንስ ነበር። አርቪ ርካሽ ነው የሚላችሁ ሰው ወይ አልተከራየም ወይ አከራይ ነው።

ቱቦውን አጥቦ ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ለላይክ ለጠፍሽው፤ ሒሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱ ወደ ሥራው፣ እኔ ወደ ክፍሌ፣ ሁለት ቀን ተኮራርፈን እንከርም ነበር። አርቪ ውስጥ የት ይኬዳል? ያን ቀን ወደ ፔጅ፣ አሪዞና፣ 240 ኪሎ ሜትር ነበረብን። እኔ ጋቢና ነኝ፤ ካርታ የማነበው እኔ ስለሆንኩ። ኔትወርክ ጠፋ። አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ፤ እዚያ በረሃ ላይ ረጅም ረጅም መንገድ ስልክ ሞቶ ይኬዳል። ሙዚቃ የለም፣ ስክሮል የለም። ከጎን የሚመጣ ነፋስ አለ፤ ቁመት ያለው መኪና ላይ ነፋስ ሲመጣ መሪው ይነጠቃል፣ ጭነት መኪና ሲያልፍ ደግሞ ወደራሱ ይስባል። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ እየወረደ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጨነቀ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ወደ እኔ ሳያይ ማውራት ጀመረ። ስለ ሌሊት ፈረቃው፣ ስለ ወገቡ። ወደ አገር ቤት ፎቶ ሲልክ የሚመርጠው ጃኬት አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል አወራን። በሃያ ዓመት የቪዲዮ ጥሪ ያልሰማሁትን ነው የሰማሁት። ይሄን ነው ጉዞው ጥሩ ነበር ያልኳችሁ።

ልጆቹም እንደዚያው ነበሩ። ላስ ቬጋስ ቤታቸው ሁሉም የየራሱ ክፍል፣ የየራሱ ስክሪን አለው። እማዬ መጥታ ሦስት ሳምንት ስትቀመጥ ከበር ላይ "ሃይ አያቴ" ነበር የሚሏት። እዚህ ግን ሴቷ ልጅ ከእማዬ ጋር በአንድ አልጋ ነው የምትተኛው፤ ሌላ አልጋ የለማ።

ፔጅ ስንደርስ ስልኮቻችን ተጣሉ። ዩታ በጥቅምት ሰዓቷ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ አሪዞና በበጋ ሰዓት አትቀይርም። ከተማዋ ድንበር ላይ ስለሆነች ስልኩ የትኛውን አንቴና እንደያዘ እያየ ወደፊትም ወደኋላም ይላል። የወንድሜ ስልክ አሥር፣ የሚስቱ አሥራ አንድ። እማዬ የእጅ ሰዓቷን ከቦሌ ከተነሳች ጀምሮ አልነካችውም፤ "የኔ ልክ ነው" ትላለች።

እዚያው ፔጅ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ፣ ወንድሜ ለአጎቴ ደወለ። ቪዲዮ ነው የደወለው። መኪናውን እያዞረ አሳየው፦ ይሄ የኪራይ ወረቀቱ፣ ይሄ የወጥ እድፍ፣ ይሄ ቱቦው። አጎቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ምን ብለህ ተከራየኸው?" አለው። "እናቴን ላዞራት" አለ ወንድሜ። "እሱስ ደግ አደረግክ" አለ አጎቴ። የሰጡት ቀብድ ግማሹ ተመለሰ፤ ግማሹን ባለ ባጃጁ አልመልስም አለ። እሷን ከአዲስ አበባ ስመለስ እኔ ከፈልኩ። ከዚህ ዓምድ የማገኘው የሁለት ወር ክፍያ ናት። ተገቢ ነው።

እኔን ያበሳጨኝ የቀብዱ ገንዘብ አይደለም። ያ ልጅ ፎቶዬን አይቶ ያሰላው ስሌት ትክክል መሆኑ ነው። ባየው ነገር ላይ ተነስቶ ነው የወሰነው፤ ያየውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኛ አገር ቤት ያለነው ሰዎች ስለ ውጭ የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ነው። በዚህ ፎቶ ሰው ይበደራል፣ ትምህርት ያቋርጣል፣ ደላላ ጋ ይሄዳል፣ ውጭ ያለውን ወንድሙን ይቀየማል። ፎቶ አትለጥፉ የምል ሰው አይደለሁም፤ ነገ እኔው ራሴ እለጥፋለሁ። ግን "ተከራይተን ነው" የምትል ሁለት ቃል መጻፍ አያቅተኝም ነበር። ያልጻፍኳት ላይኩ እንዳይቀንስ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አርቪ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ተራራ እያየ ቡና የሚጠጣ አይደለም። ሎስ አንጀለስና ሲያትል ሄዳችሁ ከሆነ መንገድ ዳር ተደርድረው የቆሙትን አሮጌ አርቪዎች አይታችኋል፤ የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ሰዎች መኖሪያ ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደው ኖማድላንድ ስለነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው፤ በስተርጅና ቤት አጥተው፣ መኪና ውስጥ እያደሩ የወቅት ሥራ እየተከተሉ ስለሚዞሩ። ከእኛም አገር የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን አስቡ። ስንት ዘመን ጋቢና ውስጥ ተኝተው፣ ከጎማው ሥር ምድጃ ለኩሰው ሲያበስሉ ኖረዋል። ማንም ጊታር አልጨመረላቸውም።

ስለ ግራንድ ካንየን ብዙ አልልም፤ ፎቶው ሞልቷል። እማዬ ከመድረሳችን በፊት "ዓባይ በረሃን ያየ ሰው ገደል አያስደንቀውም" ስትል ነበር። አፋፉ ላይ ቆማ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠልቀውን ስታይ ዝም አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልጁን በእጁ ያዘች። መኪናው ጋ እስክንመለስ አልተናገረችም።

መኪናውን ስንመልስ አከራዮቹ መሰላል አምጥተው ጣሪያ ላይ ወጡ። የሆነ ቦታ ቅርንጫፍ የአየር ማስወጫውን ክዳን ጭሮታል። ከመያዣው ተቆረጠ። የጀነሬተር ሰዓትም እኛ ከቆጠርነው በላይ ቆጥረው አገኘናቸው፤ ወንድሜ ትንሽ ተከራከረና ተወው። በማግስቱ ሌሊት ሥራ ገባ።

ልጁ እስካሁን አባቱ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲያስገባ ከኋላ ቆሞ "ቁረጥ! መልስ! በቃ!" ይላል አሉ።

ወንድሜ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር አዘዘኝ። የብራይሱን ጠዋት ሚስቱ በስልኳ አንስታው ነበር፦ ተንበርክኮ፣ ጓንቱ እስከ ክርኑ፣ ቱቦው በሁለት እጁ፣ ስልኩ መሬት ላይ፣ ከጎኑ ጡረተኛው ሰውዬ። "ይቺንም ለጥፊያት" አለኝ። ለጠፍኳት፤ "ለአንድ ሳምንት የተከራየነው ቤት" ብዬ። አሥራ አንድ ላይክ አገኘች። አንዱ የአጎቴ ነው።